በምራን የታሰረው የጋዝ ጎማ

እናቴ በመርፌ ቀዳዳ ክር አሾለከች! በራሷ እጅ፣ በራሷ ዐይን፣ "ነይ ዐይን ሁኚኝ" ብላ ማንንም ሳትጠራ። ወሬው የደረሰኝ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ አርብ ገበያ ከተማ ለትምህርት በተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ የትምህርት ቤት ልብሴን በእንዶድ ሳሽ ነው። ስልኬ ጠራ፤ አባቴ ነው። አባቴ ስልክ ላይ እንደሚጮኸው አድርጎ ከገደል ማዶ ላለ ሰው እንኳ አይጮህም። "ጥሩ! አንች ጥሩወርቅ! እናትሽ መርፌዋን አነሣችና ክሩን አስገባችው! በሁለተኛው ሙከራ! እኔ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ!" አለ። ከበስተጀርባው የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ "ኧረ በመጀመሪያው ነው፣ አንተ ነህ እጄን ያንቀጠቀጥኸው" ትለዋለች። እኔ ስልኩን በአረፋ እጄ እንደያዝኩ እዚያው ውኃው ውስጥ ተቀመጥኩ ማለት ይቻላል። ጎረቤቶቼ "ምነው፣ መርዶ ነው?" ብለው ወጡ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ሲመጣ ከሩቅ ለሚያይ ያው መርዶ ይመስላል።

የአማርኛ መምህራችን "ትዝታ ጻፉ" ያሉን ዕለት ክፍሉ በሙሉ ስቆ ነበር፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ይዘን ምን እናስታውሳለን ብለን። እኔም ስቄአለሁ። ግን እንዲያው ሞክሬ አንድ ገጽ ብጽፍ መምህራችን ተነሥተው ለክፍሉ አነበቡት፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ዝም ማለት አልቻለም። ታዲያ ትናንት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልብሱን ልለቀልቅ ብዬ ሳጎነብስ የእንዶዱ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ያ መራራ፣ ያ ትንሽ ቅጠል ቅጠል የሚለው ሽታ። ከዚያ በኋላ አርብ ገበያ መኖሬ ቀረ። ያ ክረምት መጣ። እኔ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነኝ፤ ጎማው በምራን እንደታሰረ ነው፤ እናቴ አንድ ዐይኗን በነጠላ ሸፍና ከማጀቱ በር ላይ ቆማለች።

ያ ክረምት መንገዱ የተዘጋበት ክረምት ነው። ለምን እንደተዘጋ፣ ማን እንደዘጋው፣ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገሩ ነበር እንጂ ለኛ አልነገሩንም፤ እኔም አሁን ልመረምረው አልፈልግም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። አንድ ሣሙና በስምንት ዕንቁላል ይለወጥ ነበር፤ ዶሮዎቻችን ደግሞ ያን ክረምት ያኮረፉ ይመስል መጣል አቁመው ነበር። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ወደ እንዶድ ተመለሰ። አርብ አርብ ገበያ ስንወርድ ከጨው ተራው ማዕዘን ላይ፣ ስልክ ላይ ዘፈን ከሚጭነው ሱቅ፣ አንድ በማሲንቆ የተዘፈነ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋገም ነበር፤ አዲስ ዘፈን የሚያመጣ መኪና ስለሌለ። የኔ ቢጤ ሴቶች ልጆች በሙሉ ያን ዘመን አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ ነበር የምናደርግ፤ ጭቃ ሲገባበት እንደ እንቁራሪት ይጮኻል። ዛሬም ያ ዘፈን ከየትም ሲሰማኝ በእግሬ ጣቶች መሀል ጭቃ የገባ ይመስለኛል። ኔትወርኩም አልነበረም። አባቴ ስልኩን በመሃረብ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ አንዳንዴ ያወጣውና ያየዋል፣ መልሶ ይጠቀልለዋል።

እናቴ የጥልፍ ሴት ናት። በኛ አገር የሙሽራ ቀሚስ ጥለቱን፣ ደረቱ ላይ ያለችዋን መስቀል፣ እሷ ካልጠለፈችው ሰርጉ የጎደለ ይመስላቸው ነበር። ሰው ከወገዳ ድረስ ጨርቅ ይልክላት እንደነበር አስታውሳለሁ። ነገር ግን ዐይኗን ያማታል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ብሌኗን ይወጋታል፤ ማጀት ገብታ ጭስ ሲነካት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። የግራው ዐይኗ ቀድሞ ደመና ለብሷል። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ሐኪሞች መጥተው ቀኙን ቀዶ ጥገና አደረጉላት። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አባቴን ለብቻው ጠርታ የተናገረችውን እኔም ከጎኑ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ "የቀረቻት ይቺው አንድ ናት። ጭስ ቤት እንዳትገባ። ይቺ ከሄደች የምንመልሰው ነገር የለም።" አባቴ ኮፍያውን አውልቆ "እሽ" አለ። 

የባዮጋዙ ጉድጓድ የመጣው ከዚያ በፊት ነበር። የከብት እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ከሥር ይብላላል፤ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፤ ከዚያ በብረት ቧንቧ ወደ ማጀት ይመጣል፤ ከቧንቧው አፍ ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ጎማ ተቀጥሎ ከምድጃው ጋር ይገናኛል። ይኸው ነው። ጉድጓዱን የሰፈሩ ሰው በደቦ ቆፈረልን፤ ግንበኛው ከከተማ መጥቶ ገነባው። ይህ ግንበኛ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ሰው ነበር። የብረት ቧንቧውን ቀጥሎ ሲጨርስ ጣሳ ላይ ሣሙና በጠበጠና አረፋውን በብሩሽ እያነሣ በየመጋጠሚያው ቀባ። እኔ ቆሜ ሳይ "ምን ታያለሽ? ቧንቧዬን ጢም እየላጨሁት ነው" አለኝ። ሳቅኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም። ስንት ጊዜ ቆጨኝ መሰላችሁ! ጎማው ላይ ሲደርስ ዕቃ መያዣውን ገለበጠና ራሱን ነቀነቀ። "ሁለት ፋሼታ ጎደለኝ፣ አያ ደሴ" አለ ወደ አባቴ ዞሮ። ፋሼታ የሚሉት ጎማውን ቧንቧው ላይ ዙሪያውን ጨምድዶ የሚይዝ፣ በቪስ የሚጠብቅ የብረት ቀለበት ነው። "አርብ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትነኩት።" ያ አርብ አልመጣም። መንገዱ ተዘጋ፤ ሰውየው የት እንደገባ ሳናውቅ ቀረን።

እናቴ ከቀዶ ጥገናው በተመለሰች በሁለተኛው ቀን አባቴ መታገሥ አቃተው። ጎማውን ብረቱ አፍ ላይ ሰካው። ከዚያ ቀንበርና ሞፈሩን የሚያስርበትን ምራን አመጣ፤ የበሬ ቆዳ ጠፍር፣ ሰባት ዓመት ያረሰበት፣ ከላቡ ብዛት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ። ለሁለት ሰነጠቀው። ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈና አንዱን በግድግዳው በኩል፣ አንዱን በምድጃው በኩል ጎማው ላይ ጠመጠመው፤ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ጎተተና ቋጠረው። "እርጥብ ምራን ሲደርቅ ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ሰይጣን ራሱ አይፈታውም" አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ሰሞን ዝናቡ አቋርጦ ፀሐይ ነበረች፤ ምራኑ ደርቆ እንጨት ሆነ። የቧንቧውን መዝጊያ ከፈተና ክብሪት ሲጭር ምድጃው ላይ ሰማያዊ ነበልባል እንደ አበባ ተቀመጠ። ጭስ የለው፣ ብልጭታ የለው፣ ድምፅ የለው። እናቴ ፈርታ ከበሩ ሆና አየችና "ይኸ ነገር ይሞቃል እንኳ?" አለች።

ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ፣ እንጀራውን በሳምንት ሁለቴ ከራሷ ጋር የምትጋግርልን ደግ ሴት፣ ምላሷ ግን አያርፍም፣ የፍልሰታ ጾም ሲገባ አዲስ ነገር አመጣች። "እኔ እምለው ደሴ፣ ይኸ ከከብት ሆድ የወጣ ትንፋሽ አይደለም እንዴ? በፍልሰታ እንዴት ሽሮ ይሠራበታል? ጾሙ አይፈታም?" አባቴ ሳቀ፣ ግን ደግሞ ሠጋ። በማግሥቱ የነፍስ አባታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠርቶ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሽሮው ወዳለበት ጎንበስ ብለው አሸተቱና "ውዴ፣ አንች ኩበት ማንደድ ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?" አሏት። "ኧረ ምኑን አውቄው አባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።" "እንግዲያስ ያን ሁሉ ዘመን ጾምሽን ስትፈቺ ኖረሻላ! ንስሐውን መቼ ልትጀምሪ ነው?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ውዴ "አንቱ ደግሞ!" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። እንዲህ የሳቅነው ለዘጠኝ ቀን ነው። ያቋረጠው ዝናብ በዐሥረኛው ቀን ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ነበልባሉ ማነስ ጀመረ። መጀመሪያ ሽሮው ዘገየ። ቀጥሎ ውኃ እንኳ አልፈላ አለ። አንድ ጠዋት ክብሪቱ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ብይዘው ምንም የለም። አባቴ "እበቱ አንሷል" አለ፤ ስለዚህ እበት ጨመርን። እኔ ጎህ ሲቀድ በረት ገብቼ በእጄ እዝቃለሁ፣ ከምንጭ ውኃ ቀድቼ አመጣለሁ፣ በጥብጬ እደፋለሁ፤ ማታም እንዲሁ። የክረምት እበት ቀዝቃዛ ነው፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ደንዝዞ ይቀራል። ከጎረቤት እበት ለመንን፤ እበት መለመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያልለመነ አያውቀውም። ምንም! እትዬ ውዴ "ዐይን ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ጠርታችሁ አሳያችሁት" አለች፤ ጸበል ረጨች። እኔም ከጉልላቱ በላይ ያለው አፈር ላይ ተንበርክኬ፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ጉድጓዱን ለምኜዋለሁ። "እባክህ አንዴ ብቻ" ብየዋለሁ፤ ሰው ይመስል።

ለምን እንዲያ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ወንድሞቼ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርደው ከቤት የቀረሁት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ አንድ ማታ ራት በልተን ስንጨርስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። "ይኸ ጉድጓድ ሞቷል። እናትሽን ጭስ ላይ ከማስቀምጣት እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል። መስከረም ሲጠባ ምድጃውን አንች ትይዣለሽ።" "ትምህርቱስ?" አልኩ። "ሰባተኛ ክፍል ጨርሰሽ የለም እንዴ" አለ። ተቆጥቶ ቢናገረኝ እከራከረው ነበር። እሱ ግን እየለመነኝ ነበር የሚመስለው። የእናቴ ዐይን አለ፣ የኔ ደብተር አለ፤ ሁለቱ ሚዛን ላይ ተቀምጠው ሚዛኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምን እላለሁ? "እሽ" አልኩ። ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን ግርጌ ከተትኩት፤ ልክ አባቴ ስልኩን እንደከተተው።

እናቴ ከጥጉ ሆና ሰምታናለች። በማግሥቱ ጠዋት ከምንጭ ስመለስ ከማጀቱ ክዳን ጭስ ሲወጣ አየሁ። ሮጥኩ። እናቴ ከሦስቱ ጉልቻ ፊት በርከክ ብላ፣ ቀኝ ዐይኗን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ የታወረውን ዐይኗን ለጭሱ ሰጥታ እርጥብ እንጨት እፍ ትላለች። እንባዋ ከነጠላው ሥር ይወርዳል። "እማዬ! ምን ሆነሻል? ሲስተሯ ያለችውን ረሳሽው?" ብዬ ክንዷን ያዝኩ። "አልረሳሁም። ሸፍኜዋለሁ አይደል? ጭሱ የሚያገኘው ግራውን ነው፣ እሱ ደግሞ ምን ይሆናል፣ ሞቷል" አለች። ከዚያ እየሳለች "አንች ግን ሂጅ፣ ደብተርሽን አውጭ። አባትሽ ሳይነሣ በየጠዋቱ እኔ እሠራዋለሁ። ማን ያውቃል?" አለችኝ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን ጎተትኳት። ከበሩ አውጥቼ አስቀመጥኳትና እሷም እኔም ዝናብ ላይ አለቀስን። ከዚያ የከፋ ጠዋት አላውቅም። ዛሬም ስለዚያ ጠዋት ስጽፍ ብዕሬን ሁለቴ አስቀምጫለሁ።

የፍልሰታ ፍች ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የቤቱን ነጭ ልብስ ለበዓል ማጠብ ነበረብኝ። ሣሙና የለም፤ እንዶዱን ወቅጬ ገበቴ ላይ በጠበጥኩት። አረፋው ሲነሣ፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ በእጄ አፈስኩትና ዝም ብዬ አየሁት። የግንበኛው ድምፅ መጣብኝ፤ "ቧንቧዬን ጢም እየላጨሁት ነው።" ሰውየው ሲቀልድ ነበር እንጂ ሲቀባ አልቀለደም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀብቶ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ምን ነበር የሚያየው? አረፋ እኮ ሲነፉበት ያብጣል! ልብሱን ጥዬ ተነሣሁ።

ወደ ማጀት ስገባ ግን ደንግጬ ቆምኩ። እሳት ነድዷል፤ አባቴ ጉልቻው ላይ ባቄላ ጥዶ ተቀምጧል። "አባዬ፣ እሳቱን እናውጣው" አልኩት። "ምን ልትሆኝ?" "ጋዙ ያልመጣው እዚህ እየፈሰሰ ከሆነስ?" ሳቀ፤ የደከመ ሳቅ። "የት ነው የሚፈስ? ጠረን አይኖረውም?" "ጠረኑማ አለ። የበረቱ ነው እያልን ነው እንጂ የተበላሸ ዕንቁላል አይሸትህም?" አሸተተ። ማጀታችንና በረቱ የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እውነትም ማን ይለየዋል። ግን ተነሣ። እንጨቱን ጎትተን ወደ ደጅ አወጣነው፤ ፍሙን በውኃ አጠፋነው፤ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርገን ከፈትነው። ብዙ ቆየን። ከዚያ በእንዶድ አረፋ እጄን ሞልቼ ገባሁና ወደ ግድግዳው፣ ጎማው ብረቱን ወደሚነክስበት ሄድኩ።

አባቴ ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ። "ምራኑን ነው የምትጠረጥሪ? ይኸ ምራን ሁለት በሬ ከረግረግ ያወጣ ምራን ነው። ነፋስ ያመልጠዋል ትይኛለሽ?" የገበሬ ቋጠሮ መንካት ቀላል አይደለም፤ ሰውየውን ራሱን እንደ መንካት ነው። አንገቴን ደፍቼ "አባዬ፣ ስታርስ ዝናብ ሲመታው ምራኑ ምን ይሆናል?" አልኩ። ቋጠሮውን እያየ ቀስ ብሎ "ይላላል" አለ። "ታዲያ?" ቀና ብሎ ክዳኑን አየ። ከምራኑ ልክ በላይ ሣሩ ሳስቶ ጠብታ ትንጠለጠላለች፤ ወረደች፤ ሌላ ተንጠለጠለች። አረፋውን ቀባሁ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከምራኑ ሥር አንድ ትንሽ አረፋ ወጣች፤ አበጠች፤ እንደ ብሌን ክብ ሆነች፤ ፈነዳች። በቦታዋ ሌላ መጣች። ሌላ። አባቴ ጣቱን ሰደደና ቋጠሮውን ነካው፤ ሰይጣን አይፈታውም ያለው ቋጠሮ በአንድ ጣት ተንሸራተተ።

ጋዙ ይመጣ እንደሆን ብለን ክፍት የተውነውን የቧንቧ መዝጊያ ዘጋው። ከዚያ እዚያው ጉልቻው ላይ ተቀመጠ። "እሳት ስናነድ ነበር" አለ። "እናትሽ እዚህ ተቀምጣ እፍ ስትል ነበር። አውቃለሁ፣ ያን ጠዋት ስትነሣ ሰምቻታለሁ፣ ዝም ብዬ ተኛሁ። በሩ ክፍት ባይሆን፣ ክዳኑ ባያፈስ..." አልጨረሰውም። አባቴ ፊት ለፊቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ጉድጓዱ ለካስ አልሞተም! ያን ሁሉ እበት ተቀብሎ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ነበር፤ እኛ ነን የላከልንን ስንደፋ የኖርን።

አርብ ጎህ ሲቀድ ሁለታችን ወደ አርብ ገበያ ወረድን። የመስከረም ምዝገባ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። አባቴ ያቺን የበዓል ጋቢውን ለብሷል፤ እኔ ያቺን እንቁራሪት ጫማዬን። የብረት ዕቃ የሚሸጡበት ማዕዘን ስንደርስ ሚስማር እንኳ የለም፤ ባዶ ጨርቅ አንጥፈው ወሬ ይሰልቃሉ። "ፋሼታ? መንገዱ ሲከፈት ና" አሉት። ከአንዱ ወደ አንዱ ዞርን። ያ ዘፈን ከማዕዘኑ ይጮኻል፤ ጠልቼው ነበር ያን ዕለት። ልንመለስ ስንል ዐይኔ ከገበያው ዳር ያለው ወፍጮ ቤት ላይ አረፈ። ናፍጣ ጠፍቶ ከቆመ ሰንብቷል፤ ባለወፍጮው በሩ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል። ወፍጮ ሞተር ነው፤ ሞተር ጎማ አለው፤ ጎማ ደግሞ በምን ይታሰራል? አባቴን እጁን ጎተትኩት።

ባለወፍጮው ሰማንና "እስካሁን በምን አስረኸው ነበር?" አለው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "በምራን" አለ፣ በሹክሹክታ። ባለወፍጮው እስኪያስለው ሳቀ። "ወይ ደሴ! ጋዙን ልታርስበት ነበር?" ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ ወደ አባቴ ጠጋ አለና "እኔም ይኸን ሞተር አንድ ክረምት በጠፍር አስሬው ዘይቱን ሁሉ ተፍቶብኛል፤ ለማንም እንዳትናገር" አለው። (ይኸው ተናገርኩበት፤ ይቅር ይበለኝ።) መፍቻውን አመጣና ከሞተሩ የውኃ ጎማ ላይ ሁለት ፋሼታ ፈትቶ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አባቴ "ናፍጣው ሲመጣስ?" ቢለው "ሲመጣ ሌላ እፈልጋለሁ። ወፍጮ ይቆያል፣ ዐይን ግን አይቆይም" አለ። ሁለቱን ቀለበቶች እስከ ቤት ድረስ ጡጫዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ቤት ስደርስ መዳፌ ላይ ቅርጻቸው ታትሞ ነበር።

ምራኑ የጨፈለቀውን የጎማ ጫፍ በቢላ ቆረጥነው። ደጅ በፈላ ውኃ ነከርነው፤ ለሰለሰ። ፋሼታውን አስቀድመን አጠለቅንና ጎማውን ብረቱ ላይ እስከሚሄድ ድረስ ገፋነው፤ አባቴ ቪሱን በቢላ ጫፍ አጠበቀ፤ "ይበቃል፣ ጎማው እንዳይቆረጥ" እለዋለሁ፣ እኔ! የምድጃውንም እንዲሁ። ክዳኑን በአዲስ ሣር ደፈነው። መዝጊያውን ከፍተን አረፋ ቀባን። አረፋው ዝም አለ። ቆምን፣ ጠበቅን፣ እንደገና ቀባን፤ ዝም። አባቴ ክብሪቱን ሰጠኝ። "አንች ለኩሽው" አለ። ሁለት የክብሪት እንጨት ሰበርኩ። በሦስተኛው ያቺ ሰማያዊ አበባ ዐይኗን ገለጠች።

እናቴ ከደጅ ሆና "ነደደ?" አለች። "ነደደ እማዬ!" "ሰማያዊ ናት?" "ሰማያዊ ናት።" "ጭስ አለው?" "የለውም፣ ግቢ!" ነጠላዋን ከዐይኗ ላይ ፈታች፤ ገባች፤ ከምድጃው ፊት ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች፤ ምንም ነገር ሳይወጋት ለብዙ ጊዜ አየችው። አባቴ ያን የተሰነጠቀ ምራን ጠቅልሎ ከሞፈሩ አጠገብ ሰቀለው። ወጣና ተመለሰ፤ ወደ እኔ ሳያይ "ጥሩ፣ ደብተርሽ የት ነው ያለው?" አለ። "ሣጥን ግርጌ።" "አውጥተሽ አራግፊው እንጅ። ሻግቶ ልትይዥው ነው?"

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ስምንተኛን አለፍኩ፤ አሁን አርብ ገበያ ዐሥረኛ ክፍል ነኝ። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሣሙና ዛሬም ውድ ነው፣ ወፍጮው ይሠራል፣ ዘፈን የሚጭነው ሱቅ አዲስ ዘፈን አመጣ፤ አረንጓዴ ጫማ የምታደርግ ልጅ ግን አሁን አላይም። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ መርፌዋን አልነካችም። "አላይበትም ይሆናል" ብላ መሞከሩን ፈርታ ነበር እንጂ ዐይኗ ቀድሞም ሳያገግም አልቀረም ይላል አባቴ። ትናንት ግን፣ የእትዬ ውዴ ልጅ ልትዳር ነውና፣ ጨርቁ መጣ፤ እሷም ማንንም ሳትጠራ መርፌዋን አነሣች።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ለብቻዬ ያለችኝ አለ። "ትጽፊያለሽ አሉኝ። እንግዲያስ ይኸን ጻፊልኝ። በየሰፈሩ ጉድጓዱ ሞተብን ብለው ድንጋይ የከደኑበት አሉ። አልሞተም በያቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደኛ ቤት ይምጡ፣ አባትሽ ያሳያቸዋል፤ ምራኑንም ያሳያቸዋል፣ አሁን አያፍርበትም።" እኔም የእናቴን ጥሪ ይኸው አደረስኩ። ከስማዳም ሁኑ ከእስቴ፣ ነበልባሉ የጠፋባችሁ ሁሉ ጎማችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እንዶዱ ከኛ። ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ከክዳኑ ጭስ የማይወጣው ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ጥልፏን ይዛ ተቀምጣለች። ስማችሁን መናገር አያስፈልጋችሁም። ከአጥሩ በር ስትገቡ ጀምራ ማን እንደሆናችሁ ታያለች።